የኩኒሂኮ ካሴት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ስለ ቺዙሩ ላጫውታችሁ።

ኦሳካ፣ ኒፖንባሺ መንገድ ላይ አሮጌ ጌም የሚሸጥ ሁሉ ያውቃታል። ሰይፍና አስማት ተይዞ ረጅም ጉዞ የሚኬድባቸውን የቪዲዮ ጌሞች፣ ያውም በሳጥን የወጡትን ልዩ እትሞች ትሰበስባለች። ከጌሙ ጋር የሚመጣው የጨርቅ ካርታ ከጎደለ ወይም የሳጥኑ ጥግ ከተጨረማመተ አትገዛም። «ቺዙሩ መጣች፣ እጃችሁን ታጠቡ» እያሉ ሻጮቹ ይቀልዱባታል።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ሳጥን ነው፤ ከታናሽ ወንድሟ ከኩኒሂኮ ሳጥን። ልጁ ታሞ በተኛበት ክረምት ሳጥኑ ውስጥ ካለው ጌም ጋር ሰነበተ። ውስጡ አራት ተጓዦች አሉ፤ ስም የሚያወጣላቸው ተጫዋቹ ነው።

«አንዷን በአንቺ ስም ጠራኋት» አላት አንድ ቀን።

«የቷን? ፈዋሿን?»

«አንቺ ደግሞ ማንን ፈውሰሽ ታውቂያለሽ! ጨርሼ አሳይሻለሁ።»

ሳይጨርስ ሞተ።

ቺዙሩ ጌሙ የተጫነበትን ካሴት ሳጥኑ ውስጥ መለሰች፣ በላስቲክ ጠቀለለች፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት ጨምራ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ከፍታው አታውቅም። በስህተት አንድ ቁልፍ ብነካ ኩኒሂኮ የደረሰበት ይጠፋብኛል ብላ ፈራች። ሌሎቹን ሳጥኖች ብቻውን እንዳይሆን የገዛችለት ይመስል ዙሪያውን ደረደረች። አንድ ቀን ልቧ ሲጠና ከፍታ ስሟን ልታይ ነበር ሐሳቧ።

ዘንድሮ በልግ ላይ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰብሳቢዎች ሲያወሩ ሰማች። በድሮ ካሴት ጨዋታውን የሚያስታውሰው ውስጡ ያለች ትንሽ ባትሪ ናት፤ ባይነኳትም ታልቃለች፤ ስታልቅ የያዘችው ሁሉ ይጠፋል። ቺዙሩ የያዘችውን ዕቃ አስቀምጣ ወጣች። በማግስቱ የኩኒሂኮን ሳጥን አቅፋ ጥገና ቤት፣ ሽማግሌው ኩሮይዋ ዘንድ ሄደች።

ሽማግሌው ሳጥኑን አገላብጦ አየ። «ሚስቴ እኔን እንዲህ አድርጋ ብትይዘኝ ወገቤ ባልጎበጠ» አለ።

ቺዙሩ አልሳቀችም። «ይክፈቱት፣ ጋሽ ኩሮይዋ።»

ካሴቱን መጫወቻ ማሽኑ ላይ ሰክቶ አበራው። በዚያ ክረምት በግድግዳው በኩል ትሰማው የነበረው ሙዚቃ መጣ። ከዚያ ኩኒሂኮ ያቆመበት ቦታ መታየት የነበረበት ገጽ ወጣ፤ ባዶ ነው።

«አጥፍተው ያብሩት።»

አጥፍቶ አበራው። ያው ነው።

«ባትሪውን ቢቀይሩትስ?»

«አዲሱ ባትሪ ከዛሬ ወዲያ ያለውን ነው የሚይዘው፣ ልጄ። የሄደውን አይመልስም።»

«እንዳላጠፋው ብዬ ነው ያልነካሁት።»

«አውቃለሁ።»

«ቀደም ብዬ መጥቼ ቢሆንስ?»

ኩሮይዋ ካቻቪቴውን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። ሊዋሻት ይችል ነበር። «ታዪው ነበር» አላት።

ከዚያም፣ «አዲስ ጉዞ ልጀምርልሽ? ስምሽን ላስገባ?» ሲል ጠየቃት።

«የትኛዋ ላይ? የትኛዋ እንደነበርኩ አላውቅም እኮ።»

የጨርቅ ካርታውን በነበረበት እጥፋት አጥፋ፣ ሳጥኑን ዘግታ ወጣች። ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የአንድ ተማሪ ቦርሳ እየተገፋ መጥቶ ጭኗ ላይ ያለውን ሳጥን ጥግ ጨፈለቀው። ለሳጥን ጥግ ስትጨቃጨቅ የኖረችው ሴት አየችው፤ ሳጥኑንም አላሸሸችም።

እናንተን ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ልጆቼ። ካሴቱ የረሳውን እናንተ ያዙልኝ። ኩኒሂኮ የሚባል ልጅ ከአራቱ ተጓዦች አንዷን በእህቱ ስም ጠርቷት ነበር። የቷን እንደሆነ ማንም አያውቅም፤ መጥራቱን ብቻ አስታውሱለት።