የአባባ የዝምታ ፈተና

የአደን ፈቃዱ ዕጣ የወጣ ቀን እኔና የሚስቴ አባት ሳሎን መሃል ተቃቅፈን ጨፈርን። አንድ የዱር አውራ በግ! ያውም ቀንዱ ተጠማዞ ጆሮው ሥር የደረሰ፣ ከበረሃው ባሻገር ባሉት ራቁት ተራሮች ላይ የሚኖር። አባባ በየዓመቱ ስማቸውን ሲያስገቡ ነው ጸጉራቸው የሸበተው። ፈቃዱ አንድ አጃቢ ስለሚፈቅድ እኔ ስንቅ ተሸካሚ ሆኜ ተሾምኩ። ከሠርጌ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ግን ሚስቴ ፊት አልደግመውም።

ካርታው የምግብ ጠረጴዛውን ወረሰው። ገደሉን በእርሳስ እየወጣን፣ በሻይ ማንኪያ ድንኳን እየተከልን፣ ምሳችንን ጭናችን ላይ አድርገን እንበላ ጀመር። ባይኖኩላሩን ለመሞከር የፊት ለፊቱን ሕንፃ በረንዳዎች ስንቃኝ አንዷ ጎረቤት መጋረጃዋን ላያችን ላይ ዘጋችብን።

ደስታችን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የቸለሰችው ሚስቴ ናት። ነርስ ስለሆነች የአባቷን ጉልበት ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

«አባዬ፣ ደረጃ ስትወጣ እንኳ ታቃስታለህ። ተራራ አትወጣም፤ አለቀ!»

የአባባ ቅስም ተሰበረ። ፈቃዱ የዘንድሮ ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰውም አይተላለፍም። በሳቸው ዕድሜ ሌላ ዕጣ መጠበቅ ደግሞ ዘበት ነው። እኔም ካርታው ላይ አፈጠጥኩ። ያኔ ነው ከተራራው ግርጌ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ያየሁት። ምንጭ!

«በዚያ ሁሉ በረሃ ሌላ ውሃ የለም» ብዬ ጮህኩ። «እኛ ወደ በጉ ካልወጣን በጉ ወደ ውሃው ይወርዳል! መኪና አጠገቡ ይደርሳል። ከዚያ ድንጋይ ተከልሎ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው።»

«ዝም ብሎ? አባዬ?» አለች ሚስቴ፣ ሳቋ እያመለጣት።

አባባን ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ወሬያቸውን ልጨርስ ብሎ መውረጃውን ያለፈ ተሳፋሪ ብዙ ነው። ተኝተው እንኳ ያወራሉ።

«እሺ» አለች ሚስቴ። «ነገ ከምሳ እስከ ራት ትንፍሽ ካላልክ ትሄዳለህ። ካልሆነ ፈቃዱን ግድግዳ ላይ እንሰቅልልሃለን።»

በማግስቱ አባባ ባይኖኩላሩን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሶፋው ላይ ተሰየሙ። ሚስቴ ተንኮለኛ ናት፤ ኳስ ከፈተችላቸው። ዳኛው የሳቸውን ቡድን ጎል ሲሽር ፊታቸው ቲማቲም መሰለ።

«በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም፤ አይዞዎት!» አልኳቸው ጥፍሬን እየበላሁ።

እማማ፣ የሚስቴ እናት፣ ጥግ ላይ ሹራብ ይሠሩ ነበር። ቀና ብለው ባላቸውን ለረጅም ጊዜ አዩአቸውና ኪሮሹን አስቀመጡ።

«አንተ ሰውዬ፣ ካገባሁህ ጀምሮ አንድ ነገር ተናግሬ ጨርሼ አላውቅም፤ ዛሬ ልጨርስ» አሉ። «አደን በሄድክ ቁጥር ስንቅህን የምቋጥረው እኔ ነኝ። ስትመለስ ታወራልኛለህ፤ ጎህ ሲቀድ ድንጋዩ እንዴት እንደሚቀላ፣ ነፋሱ ምን ምን እንደሚሸት። ደስ ይለኛል። ግን አንድ ቀን እንኳ ‹ነይና እይው› ብለኸኝ አታውቅም። በዐይኔ ማየት እፈልግ ነበር። አሁንም እፈልጋለሁ።»

አባባ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እኔም፣ ፈታኟ ሚስቴም፣ እኩል «ዝም!» ብለን ጮህን። አፋቸውን በሁለት እጃቸው አፈኑ፤ እንባቸው ግን በጣቶቻቸው መሃል ወረደ። ከዚያ ተነሥተው ባይኖኩላሩን ከአንገታቸው አወለቁና እማማ አንገት ላይ አጠለቁት።

እስከ ራት ድረስ አንድም ቃል አልወጣቸውም። ያን ቀን በቤቱ ሲያወሩ የዋሉት እማማ ናቸው።

ፈቃዱ የሚለው ግን አንድ አጃቢ ነው። እናም የመሄጃቸው ቀን ሲደርስ ስንቃቸውን ቋጥሬ መኪናቸው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ።

«አይዞህ ልጄ» አሉኝ እማማ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ስመለስ አወራልሃለሁ።»