በሌለበት የተመረጠው ሊቀመንበር

ዘመኑ የወጣቶች ፎረም ሊቀመንበር ሆኖ የተመረጠ ዕለት ጋሸና ነበር። የፑል ጠረጴዛው ጨርቅ ተቀዶበት፣ ከወልድያ በጭነት መኪና የተላከለትን አዲስ ጨርቅ ሊቀበል ሄዶ፣ መገንጠያው ላይ ካለ ምግብ ቤት ሽሮ ይበላል። በዚያው ሰዓት ላሊበላ፣ የቀበሌያችን አዳራሽ ውስጥ፣ የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊው አቶ ደሳለ ለባዶ ወንበሮች ንግግር ያደርጋሉ።

ጭራሽ ባዶ ነበር ማለት ግፍ ነው። እኔ ነበርኩ፤ ዝናብ አባርሮኝ የገባሁ። ሻይና ዳቦ አለ ሲባል የሰሙ ጥቂት ልጆችም ነበሩ። አቶ ደሳለ ወጣቱ በአገሩ ጉዳይ ንቁ ተሳታፊ መሆን እንዳለበት አርዝመው ካስረዱን በኋላ «ሊቀመንበር ጠቁሙ» አሉ። የተጠቆመ ሁሉ እየተነሳ ምክንያቱን ተናገረ። አንዱ ሊመነኩስ እያሰበ ነው። አንዱን ወገቡን ያመዋል። እኔ ገጠር ለቅሶ እንደምሄድ ተናገርኩ፤ የትኛው ዘመዴ እንደሞተ ግን ገና አልወሰንኩም ነበር። በመጨረሻ ከኋላ አንድ ድምፅ «ዘመኑ» አለ። ዘመኑ ስለሌለ እምቢ አላለም። አቶ ደሳለ አዳራሹን ቃኙና «ተቃውሞ የለም» አሉ። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ነገሩ የሆነው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ፣ የሁለት ሺህ ሁለቱ ሳይደርስ ነው። በዘጠና ሰባት የእኛ ሰፈር ወጣት ብዙ ተናግሮ ነበር። ከተናገሩት አንዳንዶቹ ርቀው ከርመው ሲመለሱ ጨዋታ የማያውቁ ሰዎች ሆነው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ እናቶቻችን «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለውን ምክር ከእንጀራው ጋር ያጎርሱን ጀመር። መጀመሪያ ዝም በሉ ተባልን፤ ዝም አልን። ቀጥሎ ለምን ዝም አላችሁ የሚል ጥናት መጣ። አቶ ደሳለም የተሾሙት ይህንን ዝምታ እንዲያስወግዱ ነው።

ዘመኑ በተመረጠ ማግስት አቶ ደሳለ ፑል ቤቱ ድረስ መጡ። ዘመኑ አስረኛ ክፍል ላይ ውጤት ያልመጣለት፣ እናቱን እትዬ አሰለችን የሚጦር፣ ከቀበሌ በተከራያት አንድ ክፍል ፑል የሚያጫውት ልጅ ነው። ረጅም ነው፤ ሲናገር ቀስ ይላል። በሕይወቱ ስለ ፖለቲካ ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ «እሱ ነገር ይቅር» የሚል ነበር።

«እንኳን ደስ አለህ» አሉት አቶ ደሳለ።

«ምን አገኘሁ?»

«ሊቀመንበር ሆነሃል።»

«የምን?»

«የወጣቱ።»

ዘመኑ አዲሱን ጨርቅ መወጠሩን አላቆመም። «እኔ እኮ አልነበርኩም።»

«ሕዝብ ሲመርጥህ መገኘት ግዴታ አይደለም።»

«መልቀቅ ይቻላል?»

«መብትህ ነው። ብቻ ለምን ለቀቀ የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄ ከተነሳ ደግሞ መልስ ይፈለግለታል።» አቶ ደሳለ ጣራውን፣ ግድግዳውን፣ በሩን በዓይናቸው ዞሩት። «ይሄ ቤት የቀበሌ ነው አይደል?»

«የቀበሌ ነው።»

«ጥሩ ቤት ነው።»

ዘመኑ ሹመቱን ተቀበለ። እትዬ አሰለች ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው ቁጭ አሉ። «መብራት ባልገባበት ቤት አሳድጌህ ኮረንቲው ከየት ያዘህ ልጄ?» አሉት።

አቶ ደሳለ ክፉ ሰው አልነበሩም። ወጣቱን ለማሳተፍ ያላደረጉት ነገር የለም፤ ከመጠየቅ በቀር። «ወጣቱ የነገ አገር ተረካቢ ነው» የሚል ቲሸርት አሠርተው አደሉን። ለብሰነው ጭቃ አቦካንበት፤ ታጥቦ ታጥቦ ጽሑፉ ሲለቅ ብዙዎቻችን ደረት ላይ የቀረው «ወጣቱ የነገ» የሚለው ብቻ ነበር። የእግር ኳስ ዋንጫ አዘጋጁ፤ የመክፈቻ ንግግሩ ረዘመና ጨዋታው እኩሌታው ላይ መሸበት። አዝማሪ ጠርተው ስለ ልማት አዘፈኑ፤ ጨፈርን፤ ዘፈኑ አልቆ ንግግሩ ሲጀመር ግን አዳራሹ ውስጥ የቀረው አዝማሪው ብቻ ነበር፤ እሱም ክፍያውን እየጠበቀ ነው።

በዚህ መሀል ከበላይ ትእዛዝ መጣና «ወጣቱ ከፖለቲካ ለምን ራቀ» የሚል የምክክር መድረክ ተጠራ። ሽማግሌዎች መጡ፤ ጡረተኛ መምህራን መጡ፤ አንድ መቋሚያ የያዙ ቄስም መጡ። ጺሙ ጥቁር የሆነ ሰው ዘመኑ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተመካከሩና ወጣቱን ያበላሸው ፑል ነው በሚል ስምምነት ላይ ደረሱ። ከዚያ ሁሉም ወደ ዘመኑ ዞሩ። የወጣቱን አቋም እንዲናገር ዕድል ሲሰጠው ተነሳና «ምሳ ደርሷል» አለ። በጭብጨባ ተበተኑ።

እንዲህ እንዲህ እያለ በልግ ሳይዘንብ ቀረ። የሰፈራችን ቦኖ መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ነፋስ ብቻ ይተነፍስ ጀመር። ሴቶች ጀሪካን አዝለው ከገደሉ ሥር ወዳለው ምንጭ መውረድ ጀመሩ። ከቦኖው ከፍ ብሎ የአቶ ጋሻዬ አዲሱ ሆቴል አለ፤ ለፈረንጅ ታስቦ የተሠራ። ቧንቧው መጀመሪያ የሚደርሰው እሱ ዘንድ ነው። የሰፈሩ ማሳ ሁሉ አመድ መስሎ ሳለ የሆቴሉ ሣር ግን እንደ መስከረም ለምልሞ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንድ ሠራተኛ ቱቦ ይዞ ሣሩን ሲያጠጣ፣ ከታች ጀሪካን ተሸክመው የሚያልፉት ሴቶች ቆም ብለው ያዩታል፤ እሱም አፍሮ ፊቱን ያዞራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ንጋት ፑል ቤት ገባች። ንጋት የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ይዛ ሥራ ያጣች የሰፈራችን ልጅ ናት። ሴት ልጅ እዚያ ቤት ገብታ አታውቅምና ሁላችንም የፑል ዱላችንን ይዘን ቆምን።

«ዘመኑ፣ ሊቀመንበር ነህ አሉ» አለችው።

«አድርገውኝ ነው።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ስብሰባ መጥራት።»

«እንግዲያው ጥራ። ስለ ውሃው።»

«አጀንዳ ከወረዳ ነው የሚመጣው።»

«ውሃውም ከወረዳ ይመጣል ብለን ነበር።»

አንዱ ሳቀ፤ ዘመኑ አልሳቀም። እናቱ በዚያው ሳምንት ከምንጩ ሲመለሱ አንሸራቷቸው ወገባቸውን ተመትተው ተኝተዋል። ዱላውን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ። ከዚያ «እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ» አለ። «ሻይ የለም። ቲሸርት የለም። ንግግርም የለም። ለሰው ሁሉ ንገሩ።»

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ወንበር ያጣው ግድግዳ ተደገፈ፤ ግድግዳ ያጣው በመስኮት ተንጠለጠለ። አቶ ደሳለ ስብሰባውን ሊከፍቱ ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ዓይናቸውን አላመኑም። ወዲያው ስልካቸውን አውጥተው ለአለቃቸው ደወሉ። «ወጣቱ ተነቃንቋል» ሲሉ ሰማኋቸው። ፎቶ አንሺም አስጠሩ። አጀንዳው ምን እንደሆነ ግን አልጠየቁም፤ ወጣት እንዲህ በገዛ ፈቃዱ የተሰበሰበው እሳቸውን ሊሰማ ነው ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። ፎቶው ተነሳ፤ እዚያ ላይ አቶ ደሳለ ጥርሳቸው እስኪታይ ስቀዋል።

ከዚያ ዘመኑ ተነሳና «የተሰበሰብነው ስለ ውሃ ነው» አለ። ንጋት ተናገረች። ማን የትኛውን ቧንቧ መቼ እንደሚዘጋ፣ ያንን የሚወስነው ማን እንደሆነ ጠየቀች። አንዱ ተከተላት፤ ሌላው እሱን ተከተለ። አዳራሽ ውስጥ ከማዛጋት ሌላ አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ ልጆች እጃቸውን እያወጡ ተናገሩ። እኔም ተናገርኩ፤ ድምፄ ቀጥኖብኝ የሌላ ሰው መሰለኝ።

አቶ ደሳለ ላባቸውን በመሀረብ ጠረጉ። «ወጣቶች፣ ተሳትፎ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ተሳትፎም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ መስማት፣ ከዚያ መደገፍ ነው።»

«ጥያቄ ያለው ሰው መቼ ይጠይቅ?» አለች ንጋት።

«ሲጠየቅ» አሉ አቶ ደሳለ።

በማግስቱ ባዶ ጀሪካን ይዘን ውሃ አገልግሎቱ ቢሮ በር ላይ ሄደን ተቀመጥን። መፈክር የለም፣ ጩኸት የለም። ጸሐፊዋ ወጥታ ባለሙያው መስክ እንደወጣ ነገረችን። «እንጠብቃለን» አልናት። ፀሐዩ ጠነከረ። ትንሽ ቆይቶ ከታች እናቶች ጀሪካናቸውን እያንጓጉ ይመጡ ጀመር፤ ልጆቻቸው ብቻቸውን ተቀምጠው ማየት አላስቻላቸውም። የታሰረ ወገባቸውን ይዘው እትዬ አሰለችም መጡ። ዘመኑ ሊያስነሳቸው ቢሞክር «ዝም በል፣ ኮረንቲው ከያዘ ወዲያ መሸሽ ምን ይሠራል» ብለው አጠገቡ ተቀመጡ።

አቶ ደሳለ ሊበትኑን እየተቻኮሉ ደረሱ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ከሴቶቹ መካከል ወይዘሮ ስሜነሽን አዩ። ወይዘሮ ስሜነሽ ሚስታቸው ናቸው።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሸሚዝህን የማጥብበት ውሃ ስፈልግ ነዋ።»

«ይሄ የወጣቶች ጉዳይ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ ነው የሚጠማው ወጣት ብቻ?»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አቶ ደሳለ እኛን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ ከዚያ ዞረው ቢሮው ውስጥ ገቡ። እዚያ ምን እንደተባባሉ እስካሁን የሚያውቅ የለም። ብቻ መስክ የወጣው ባለሙያ ከጓዳ በኩል ከመስክ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት ውሃው ጠዋት ለሰፈሩ፣ ከሰዓት በኋላ ለሆቴሉ ሆነ። ፍትሕ ነው አልልም። ውሃ ግን ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ግምገማ ነው። ዘመኑ ወጣቱን ወዳልተፈለገ አቅጣጫ መርቷል ተብሎ መድረክ ላይ ቀረበ። ድክመቱን ራሱ እንዲናገር ተጠየቀ። አሰብ አደረገና «ስብሰባ ጠራሁ፤ ሰው መጣ» አለ። ሌላ ድክመት ካለው ቢጠየቅ አላገኘም። ከሊቀመንበርነት ተነሳ። ወደ ላይ የተላከው ሪፖርት ግን የወጣቱ ተሳትፎ በአመርቂ ሁኔታ ማደጉን፣ የውሃውም ችግር በአመራሩ ብርቱ ጥረት መፈታቱን ይገልጻል አሉ፤ ፎቶውም ተያይዟል።

ቀበሌው የፑል ቤቷን መልሶ ወሰደ። በሯ ላይ «የወጣቶች ማዕከል» የሚል ታፔላ ሰቀሉና ቆለፏት። ጠረጴዛውን ተሸክመን እናቱ ግቢ ወሰድነው፤ ለመሸከም የመጣው ሰው የጠረጴዛው ጠርዝ እስኪጠብበው በዝቶ ግማሹ እጁን ብቻ ጣል አድርጎ ሄደ። ከላዩ ቆርቆሮ አለበስንለት። ዘመኑ ቤቱን በማጣቱ ተናዶ ከረመ። እትዬ አሰለች ግን ግቢያቸው በልጆች ሲሞላ ደስ ብሏቸው እንደሁ እንጃ፣ ከመቆጣት ይልቅ ቆሎ ያቀርቡ ጀመር።

እኛም ወደ ፖለቲካ ገባን ማለት አይደለም። ቀጥሎ የተጠራው የቀበሌ ስብሰባ እንደ ድሮው ባዶ ነበር። የቦኖው ኮሚቴ ግን በየሳምንቱ ይቀመጣል፤ ንጋት ትመራዋለች፤ ሰው ይጨቃጨቃል፣ ይሸናነፋል፣ ይወስናል። ምርጫው ሲቃረብ ለምክር ቤት ዕጩ ሁኚ ብለው ከቀበሌ መጡባት። «የውሃ ተራ የማስከብርበት ሰዓት ነው» ብላ ሸኘቻቸው።

አቶ ደሳለ ወደ ኩልመስክ ተዛወሩ። በሚስታቸው ምክንያት ነው የሚል ወሬ አለ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ቀን ዘመኑ ግቢ መጥተው ቆሎ ዘግነው ተቀመጡ።

«እስኪ ንገረኝ» አሉት። «እኔ ቲሸርት አድዬ ያልመጣልኝን ሰው አንተ እንዴት ሰበሰብከው?»

«ጠምቷቸው ነበር፣ ጋሼ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እኛም ቤት ውሃ አልነበረም።» ቆሎ ቆረጠሙ። «ኩልመስክ ወጣቱ እንዴት ነው ይላሉ?»

«እንጃ። ሄደው ይጠይቋቸዋ።»

አቶ ደሳለ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ኮታቸውን አውልቀው አንድ ዱላ አነሱ። ፑል ነክተው አያውቁም ነበር፤ ዘመኑ አያያዙን አሳያቸውና ተጫወቱ። ክፉኛ ተሸነፉ። «ይደገም» አሉ።