ያልደረቀው ቁምጣ

ባሌ መልአኩ ውኃ የሚፈራ ሰው ነው። ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ሃያ ዓመት ስንኖር ባሕሩ ዳር እንኳ ጫማውን አውልቆ አያውቅም። ስለዚህ ከጣልያን በተመለሰ ማግስት ልብሱን ላጥብ ሻንጣውን ስከፍት ገና ያልደረቀ የመዋኛ ቁምጣ ባገኝ ደሜ ፈላ። የሄደው ሮም ወደሚኖረው የአጎቱ ልጅ ወደ አዘዘ ነበር፤ ወንድ ልጁን ክርስትና ሊያነሳለት። ክርስትና በመዋኛ ቁምጣ ይነሳል እንዴ?

ኪሱን በረበርኩ። የአንድ ሐይቅ መግቢያ ትኬት አለ፤ ሁለት። የሱቅ ደረሰኝም አለ። ጣልያንኛውን በስልኬ ሳስተረጉም «የኤትሩስካን ጡት፣ ሸክላ፣ ሁለት» አለኝ። ደግሜ አስተረጎምኩት፤ ያው ነው። ለየትኛዋ ነው ጡት የሚገዛው?

እኔም ብሆን የደበቅኩት አለ። ከጡት ካንሰር ምርመራ በኋላ ሆስፒታሉ ድጋሚ የጠራበትን ደብዳቤ ከስኳር ቆርቆሮው ሥር ከከተትኩት ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የኔ ግን ፍርሃት ነው፤ የሱ ሴት ናት። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ጎረቤት ከተማ ራይስዋይክ ከሚሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ሲመለስ ቁምጣውንና ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ጠበቅኩት።

«ማን ናት?» አልኩት።

«የቷ?»

«አብራህ የዋኘችው።»

«አዘዘ ነው። እንዳልሰምጥ ክንዴን ይዞኝ ነበር።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥ አደረግኩት። «ጡቶቹስ የት አሉ?»

ኮቱን ሳያወልቅ ቁጭ አለ። «ሐይቁ ከሥሩ ምንጭ ይፈልቅበታል» አለ። «ኤትሩስካን የሚባሉ የጥንት ሰዎች ያመማቸውን አካል በሸክላ እየሠሩ ይጥሉበት ነበር አሉ። ዓይኑን ያመመው ዓይን፣ እግሩን ያመመው እግር። ስለት ነው እንግዲህ። ሱቁ አምሳያውን ይሸጣል።»

«ለጣዖት ተሳልክ?»

«ለእመቤቴ ለማርያም ነው የተሳልኩት። ውኃው ብቻ ነው የነሱ። አንገቴ ድረስ ገብቼ ጣልኳቸው።»

ያኔ ነው የገባኝ። ተነስቼ የስኳር ቆርቆሮውን አነሳሁት፤ ደብዳቤው የለም። መልአኩ ከኮቱ ኪስ አወጣው።

«ደውዬ አፍስፕራክ ይዤልሻለሁ» አለ። «ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። እኔም ፈቃድ ወስጃለሁ፤ አብረን ነው የምንሄደው።»

አፈርኩ። ፈራሁም። «ለምን ሁለት ገዛህ?» አልኩት።

«ደብዳቤው የትኛው ጡትሽ እንደሆነ አይልም» አለ።