የምስጋናው ቀኝ ጆሮ

ለታመመ ሰው ክፉ ወሬ ፊት ለፊት አይነገርም። ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ ስንገባ ወንድሜን ምስጋናውን የደነቆረ ቀኝ ጆሮውን ወደ ሐኪሙ አዙሬ አስቀመጥኩት። «ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይንገሩኝ» አልኩ፤ በብልጠቴ እየተኩራራሁ።

«የመስማት ነርቩ ላይ የበቀለው ዕጢ ትንሽ ቢሆን እየተከታተልን እንጠብቅ፣ ወይም በጨረር እንገታው ነበር። አሁን ግን አንጎሉን ተጭኖታል። የቀረው ቀዶ ጥገና ነው፤ ከዚያም ላይነሳ ይችላል» አለኝ።

ሉማሜ ከመኪና ስንወርድ ምስጋናው «ምን አለህ?» አለኝ።

«ኪኒን ይበቃዋል አለ።»

«አይ ታረቀኝ! ስድስት ዓመት ሙሉ የደነቆረው ግራዬ መሆኑን እንኳ አታውቅም?»

ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰና መንገድ ጀመረ። «ለሚስቴ ግን እንደዚያው ኪኒን ነው በላት።»