ወደ ኋላ የሄድኩበት እሁድ

ልጄ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች አገልጋይ ነው። ይህን የምለው ልመካ ብዬ አይደለም፤ ተጠንቀቁ ልላችሁ ነው። እኛ ቤት ገብቶ ሻይ የደፋ፣ ያስነጠሰው፣ ጣቱ በር ውስጥ የገባበት ሰው ሁሉ በማግስቱ የዕለቱ ማሰላሰያ ሆኖ በየወጣቱ ስልክ ይገባል። ልጄ በየማለዳው ስልኩን ወደ አፉ ያስጠጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የተወደዳችሁ፣ ትናንት ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሆነ..." ይላል። አቤት ያ ድምፅ! ለእኔ "ቁርስ የለም እንዴ?" የሚልበት ሌላ ነው፤ ይሄኛው ማር የተቀባ ነው።

ድስት ሲያርብኝ ስለ ገሃነም ተናገረ። ቁልፍ ሲጠፋብኝ ስለ መንግሥተ ሰማያት ቁልፍ ተናገረ። ጎረቤታችን ነርሷ አንድ ማታ ጨው አልቆባት ብትመጣ፣ ጨው የጠፋበት ክርስቲያን መሆኗን በማግስቱ ከእህቷ ልጅ ስልክ ሰማች። ከዚያ ወዲህ እንኳን ለጨው፣ ለሰላምታም ደጃችንን አልረገጠችም።

የወጥ ቤታችን ቧንቧ ይንጠባጠባል። በእሱ ያልተባለ ነገር የለም። ሳያቋርጡ መጸለይ ተባለበት፣ ትዕግሥት ተባለበት፣ ባከነ ጸጋ ተባለበት። "ልጄ፣ ማሰላሰሉን ተወውና ጠበቅ አድርገው" ስለው፣ "እማዬ፣ አንቺ ውሃውን ብቻ ነው የምታዪው" አለኝ። እውነቱን ነው። ወለሉን የምወለውለው እኔ ስለሆንኩ ውሃው ነው የሚታየኝ።

ይሁን፣ ድስቱም ቧንቧውም የእኔ ነው፤ ይናገርበት አልኩ። ባሌ ላይ እስኪደርስ ድረስ ማለት ነው።

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም "ሾፌሩ" ነው የሚለው። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሳሎናችን ግማሽ የስፌት መኪናዬና የጨርቅ ክምሬ ነው። ታዲያ ልብስ ሰፊው እኔ ነኝ ወይስ አንተ ብዬ እቀልድበት ነበር፤ እንደ እሱ ልብሱን የሚጠብቅ ወንድ አላየሁም። ሱሪው እንደ ቢላ ካልተተኮሰ መሪ አይጨብጥም። "ተሳፋሪ ነፍሱን ሲሰጠኝ ሱሪዬን አይቶ ነው" ይል ነበር።

ኋላ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የሰው ስም ጠፋው፤ ቀጥሎ መንገዱ ጠፋው። አንድ ቀን ገና ልቡ ደህና ሳለ፣ ቁልፍ እየተከልኩ ሳለሁ አጠገቤ ተቀመጠና እጄን ያዘ።

"አንቺ፣ እየጠፋሁ ነው መሰለኝ" አለኝ። "መጥፋቱስ ይሁን። ግን ሰው እንዳያይብኝ።"

"አንተ ትሙት፣ ማንም አያይብህም" አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ እሱን መሸፈን ሆነ። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኘን ቀድሜ፣ "እንዴ! ጋራዥ አብሮህ የነበረው መካኒክ አይደለም እንዴ!" ብዬ እጮሃለሁ፤ እሱም "አዎ፣ አዎ፣ እንዴት ነህ!" ብሎ ያቅፈዋል። ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀው እኔ እመልሳለሁ። "ሚስቱ አፉን አላስከፍት አለችው፤ ምስኪን!" ይሉኛል። ይበሉ። የእኔ ስም ቢጠፋ ግድ የለኝም።

አንድ ጠዋት ግን አመለጠኝ። ጨርቅ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ የድሮ ትኬት ቆራጩን በራችን ላይ አገኘሁት፤ ባሌን ደግፎታል። ባሌ ሸሚዙን ለብሷል፣ ከራቫቱን አስሯል፣ የሾፌር ቆቡን አድርጓል። ከወገቡ በታች ግን የትኬት ቆራጩ ጃኬት ታስሮለታል። ሱሪ አልነበረም። በዚያ ሁኔታ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሄዶ፣ መሀል ቆሞ፣ መኪኖቹን በፉጨት ያስወጣ ነበር። ትኬት ቆራጩ ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ፣ ሳልጠይቀው፣ "እኔ ምንም አላየሁም" አለኝና ሄደ። እግዚአብሔር ይስጠው።

ሳሎን ስንገባ ልጄ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሁሉን አይቷል፣ ሰምቷል። ኮሌታውን ያዝኩት።

"ይቺን ነገር ሆድ ይፍጃት። በስልክም በመድረክም አንዲት ቃል እንዳትወጣህ!"

"እማዬ፣ ምን ነካሽ? አባቴ እኮ ነው!" አለኝ፣ ቅር ብሎት።

አመንኩት። ምን ላርግ፣ እናት ሞኝ ናት።

ብዙም ሳይቆይ ወጣቶቹ አባቶችን የሚያከብሩበት እሁድ አዘጋጁ። ሰባኪው ማን ነው? የእኔው። ባሌንና ሌሎቹን አባቶች መድረክ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው አስቀመጧቸው። ሱሪውን እኔ ነኝ የተኮስኩት፤ መስመሩን ያየ ሰው ጣቴን ይቆርጠኛል ብሎ ይፈራል። እኔ በር አካባቢ፣ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ለዘማሪዎቹ የሰፋኋቸውን አዳዲስ ካባዎች በትልቅ ከረጢት ይዤ ነበር፤ ከፕሮግራሙ በኋላ ላስረክብ ነው።

ልጄ ማይኩን ጨበጠ። ርዕሱ "እንዳንረሳ" ነው።

"አንድ አባት አውቃለሁ" ብሎ ጀመረ። "ሱቅ ይሄዳሉ፤ ምን ሊገዙ እንደሄዱ ይረሳሉ። መነጽራቸውን አድርገው መነጽራቸውን ይፈልጋሉ።" እዩልኝ እንግዲህ፤ ቤት ውስጥ "አንተ" የሚለውን አባቱን መድረክ ላይ ሲያዋርደው "አንቱ" አለው! አክብሮቱ የሚመጣው ማይክ ሲይዝ ነው።

ሕዝቡ ሳቀ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ማን ይመስላችኋል? ባሌ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፤ የራሱን ገመና እየሰማ ከአጠገቡ ያሉትን ሽማግሌ በክርኑ እየጎሸመ፣ "ምን ዓይነት ሰውዬ ነው!" እያለ ይንከተከታል። አንጀቴን በላው። ልጄ ግን ሳቁ ሞቀው፤ የሞቀው ሰባኪ ደግሞ ፍሬን የለውም።

"አንድ ጠዋት እኚህ አባት ወደ ቀድሞ ሥራቸው ሊሄዱ ተነሡ" አለ። "ሸሚዝ ለበሱ። ከራቫት አሰሩ። ቆባቸውን አደረጉ። አውቶቡስ ተራ ደረሱ። ሱሪ ግን፣ ወገኖቼ... ሱሪ የለም!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "እኛስ? ከራቫታችንን አስረን ጽድቅን ሳንለብስ የምንወጣ ስንቶቻችን ነን?" አለ ልጄ፣ ጣቱን ቀስሮ። "አሜን!" አሉት።

የባሌ ሳቅ ቆመ። ምን እንደተገለጠለት አላውቅም፤ አውቶቡስ ተራ የሚለው ቃል ይሁን፣ ቆቡ ይሁን። ወደ ታች አየ። ከዚያ ሁለት እጆቹን ቀስ አድርጎ ወደ ጉልበቱ አወረደና ሱሪውን ዳሰሰ። መኖሩን ሊያረጋግጥ ነው። አንድ ጊዜ ዳሰሰ፤ አላመነም መሰለኝ፣ ደግሞ ዳሰሰ።

ደሜ ፈላ። እዚያው ሆኜ ልጮህ ነበር፤ ግን ጩኸት ቢሰሙ ዞሮ ዞሮ የሚያዩት እሱን ነው። ያን ጊዜ የኖኅ ነገር ትዝ አለኝ። ኖኅ ከጥፋት ውሃ በኋላ ወይን ጠጥቶ፣ ሰክሮ፣ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን ተኝቶ ነበር። ልጁ ካም አየና ወጥቶ አወራ። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በትከሻቸው አድርገው፣ የአባታቸውን ዕርቃን እንዳያዩ ወደ ኋላ እየሄዱ አለበሱት። ይህን ታሪክ ለልጄ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ገና ፊደል ሳይቆጥር፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ። ያኔ "ካም ባለጌ ነው" ብሎኝ ነበር።

ከከረጢቱ ትልቁን ካባ፣ የወፍራሙን ዘማሪ ካባ መዘዝኩ። ትከሻዬ ላይ ጣልኩትና ጀርባዬን ለመድረኩ ሰጥቼ በመሀል መተላለፊያው ወደ ኋላ መሄድ ጀመርኩ።

በዚህ ዕድሜ ወደ ፊት መሄዱም ይበቃኛል። የአንዲት ሴትዮ ቦርሳ ረገጥኩ፣ አንድ ወንበር ገፋሁ። አንድ አስተናጋጅ ወጣት ሮጦ መጣና በጆሮዬ፣ "እማማ፣ መጸዳጃው በዚያ በኩል ነው" አለኝ።

"የምሄድበትን አውቀዋለሁ፤ የማላየው ብቻ ነው" አልኩት።

የመድረኩን ደረጃ በተረከዜ እየፈለግኩ ወጣሁ። ስፒከሩን በጀርባዬ ስገፋው አንዴ ጮኸ። ሳቁ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ደግ፣ እኔን ይዩ። የባሌን ጉልበት በእጄ እስካገኝ ሄድኩና ሳልዞር ካባውን ወደ ኋላ ጣልኩለት፤ ከጉልበቱ እስከ እግሩ ሸፈነው።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ልጄ። ማይኩ አልተዘጋም፤ ሁሉም ሰማ።

"ምንም። ቀጥል አንተ" አልኩት። "ካሙን ካገኘን ሴሙ አይጥፋ ብዬ ነው።"

መጽሐፉን የሚያውቁ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ፤ የማያውቁት እየጎሸሙ ጠየቁ፤ ሲነገራቸው እነሱም ደፉ። ፊት ወንበር ላይ ያሉ አንዲት አሮጊት ብቻ "አሜን!" አሉ። ያን ጊዜ ባሌ ከኋላዬ የካባውን ጠርዝ በጣቱ ሲያሽ ተሰማኝ።

"ያንቺ ስፌት ነው" አለኝ ቀስ ብሎ።

"የእኔ ነው" አልኩት።

ቤት ስንገባ ልጄ በሩን ደረገመው። "በሕዝብ ፊት አዋረድሽኝ!"

"አባትህንስ?"

"ስም አልጠራሁም እኮ!"

"እኔስ ጠራሁ? 'ካም' ነው ያልኩት። አንተ አንድ አባት ታውቃለህ፤ እኔ ደግሞ አንድ ካም አውቃለሁ።" ምሳውን ሳይበላ ክፍሉ ገባ። ያው ጾም ብሎ ይናገርበታል አልኩ በሆዴ።

በማግስቱ ጠዋት ባሌ መስኮቱ ሥር ፀሐይ ይሞቃል፤ እኔ የሸሚዝ ቁልፍ እተክላለሁ። ልጄ ስልኩን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ይቅርታ ሊጠይቅ ነው ብዬ ተስፋ አደረግኩ። እሱ ግን ያንን ማሩን ቀባና ጀመረ።

"የተወደዳችሁ፣ ትናንት አንዲት እናት ወደ ኋላ እየሄደች ወደ ፊት መራችኝ..."

መቀሱን ከእጄ አስቀመጥኩ፤ አጠገቤ ባይሆን ይሻላል። ልብ በሉ፤ ውርደቱንም ትምህርት አደረገው! ይህን ልጅ ውሃ ውስጥ ብትከቱት ስለ ጥምቀት እየተናገረ ነው የሚወጣው። ስለ ትሕትና፣ ስለ መሰበር፣ እግዚአብሔር በእናቱ በኩል እንዴት እንደገሠጸው አወራ። የሚገርመው ያምራል። ባሌ አንገቱን ዘንበል አድርጎ በጥሞና አዳመጠውና ወደ እኔ ዞረ።

"ይሄ ልጅ ጥሩ ይናገራል" አለኝ።

"ይናገራል" አልኩት።

"ጨዋ ይመስላል። የማን ልጅ ነው?"

ኮሪደሩ ላይ ድምፁ ተቋረጠ። ስልኩ ግን ገና እየቀዳ ነው። ልጄ ፊቱ ነጣ። እንደ ልማዴ ዘልዬ፣ "እንዴ፣ ልጅህ ነዋ!" ልል ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ከመካኒኩም ከጎረቤቱም ሸፍኜዋለሁ። ይቺን ግን እሱ ይመልሳት አልኩ። ደግሞም ልየው፤ አባቱ ያላወቀው ልጅ! እንዲህ ያለ ምሳሌ በሕይወቱ ወድቆለት አያውቅም። ለወር ይበቃዋል።

"አባት አለው?" አለ ባሌ፣ እያዘነለት።

ልጄ ስልኩን አየው። አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ የቀዳውን አጠፋና ስልኩን የጨርቅ ክምሬ ላይ ወረወረው። መጥቶ አባቱ ፊት ተንበረከከ። ድምፁ ያ ማር የተቀባው አልነበረም፤ "ቁርስ የለም እንዴ?" የሚልበት ተራው ድምፅ ነበር፤ እሱም ተሰብሯል።

"አለኝ" አለ። "የሾፌሩ ልጅ ነኝ።"

ባሌ ፊቱ በራ። "የሾፌሩ! እሱንማ አውቀዋለሁ። ሱሪውን ሳይተኩስ ከቤት የማይወጣ ሰው ነው።"

"አዎ" አለ ልጄ እያለቀሰ። "እሱ ነው።"

በዚያ ጠዋት ለወጣቶቹ ምንም አልተላከም። ወደ ቀትር ነርሷ ብቅ አለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ! የእህቷ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ቢጠብቅ ምንም አልመጣም አሉ።

"ልጅሽን አመመው እንዴ?" አለችኝ።

ከወጥ ቤት የመፍቻ ድምፅ ይሰማል። ባሌ በር ላይ ወንበር አድርጎ፣ "ወደ ቀኝ ነው፣ ወደ ቀኝ!" ይለዋል።

"ትንሽ አሞታል" አልኳት። "የሚድን ይመስለኛል።"

እሷም ወደ ውስጥ አንገቷን አስግጋ አየችና፣ "እንግዲያማ ትንሽ ጨው ስጪኝ" አለች።