የእማማ እታለማሁ የደረጃ መደገፊያ

ይርጉ አማቱን ያከበረ መስሎት ደረጃው ላይ የቤት ምሰሶ የሚያህል መደገፊያ ገጠመ። እማማ እታለማሁ ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ከደብረ ብርሃን ባሕር ማዶ ዩለስ ከተማ ድረስ መጥተው ፎቅ ላይ ነው የሚያድሩት፤ የደረጃው መደገፊያ ደግሞ ቀድሞውኑ ወልቋል። ይርጉ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን የኖረ ጉልበተኛ ነው። ቀጭኑን ቢገዛ «ለአማቱ ሰሰተ» እንዳይባል ፈርቶ፣ ከእንጨት መደብሩ አራት ማዕዘኑን፣ ወፍራሙን ተሸክሞ መጣ።

ሚስቱ ፅዮን አይታ፣ «ሶ፣ ይሄ ሃንድሬል ነው ወይስ ብሪጅ?» አለችው።

«ስትሮንግ ነው» አላት።

እማማ ግን «እጅህ ይባረክ ልጄ፣ ዝሆን ቢደገፈውም አይነቃነቅ» ብለው መረቁት። ይርጉ ሚስቱን በኩራት ገላመጣት።

ከዚያ ወዲያ እማማ ቁርስ አልራበኝም፣ ምሳም ቆየት ይበልልኝ ማለት አመጡ። ክርስትናው እሁድ ነው። አያት ከፎቅ ካልወረደች ልጅቷን ማን አቅፎ ሊመርቅ ነው? ይርጉ በምን አስቀየምኳቸው እያለ ተብሰለሰለ።

ቅዳሜ ከሥራ ቀደም ብሎ ሲገባ፣ እማማ ምርኩዛቸውን ታቅፈው በመቀመጫቸው እየተንፏቀቁ ደረጃውን ሲወርዱ አገኛቸው።

«እማማ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ምንም። ደረጃውን እየጠረግሁላችሁ ነው» አሉ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው።

ሊነሱ እጃቸውን ወደ እንጨቱ ሲሰዱ ያን ጊዜ ልብ አለ። ትንሿ መዳፋቸው ከላይ አረፈች እንጂ ጣቶቻቸው ዞረው አልጨበጡም። ያን እንጨት እሳቸው ይሳለሙት እንደሆነ እንጂ አይይዙትም፤ ይህንንም እንዳይናገሩ ይሉኝታ ያዛቸው። ይርጉ አፈረ።

የአማቱን እጅ ይዞ መለካት ነውር መሰለው። ምርኩዙ ግን እጃቸው የለመደው ነው። ደግፎ ወደ ክፍላቸው መለሳቸውና፣ «እስኪ ለአንዳፍታ ያውሱኝ» ብሎ ምርኩዙን ይዞ ግሬፕቫይን ወዳለው እንጨት መደብር ከነፈ። እንጨት ሻጩ ምርኩዙን ከዚህም ከዚያም እያስጠጋ፣ ውፍረቱ ልክ እሱኑ የሚያህል ድቡልቡል እንጨት አወጣለት። ይርጉ ሳይመሽ ገጠመው።

እሁድ ጠዋት እማማ አዲሱን መደገፊያ ጭብጥ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ወረዱ። ልጅቷን ያቀፈችው ፅዮን ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

«በል ምርኩዜን አምጣና እንሂድ» አሉ እማማ።

ይርጉ ወደ በሩ ጥግ ዞር አለ። «ምርኩዙን እንጨት መደብሩ ውስጥ ረስቼዋለሁ» አለ።

«ለቤቱ መደገፊያ ሠራህልኝ። ለቤተ ክርስቲያኑስ?»

ይርጉ ክንዱን ዘረጋላቸው። እማማ ጥቂት አመነቱና ያዙት።

«ይሄም ወፍራም ነው» አሉ። ግን አለቀቁትም።