የምርጫ ቀን ጀልባ

የልጄ ሚስት አፒዮ ምጥ ይዟት፣ ወንዙ ሞልቶ፣ ማዶ ያለው ሐኪም ቤት እየታያት ሞተች። ድልድይ የለንማ! በየምርጫው ቃል ይገባልናል፤ ከዚያ በኋላ ማን አስታውሶን!

ቀብሯ ላይ የፓርቲያችን ሰው ኦኩምቤ ከኪሱሙ ከተማ መጣ። እኛ የሉዎ ጎሳ ሰዎች ዘንድ ቀብር ያለ ፖለቲከኛ አይሆንም። ውሃው ጎድሎ ስለነበር ጎረምሶች አዝለው አሻገሩት፤ ጫማው ላይ ጠብታ አላረፈም። ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ፣ «ይህ አካባቢ እንደ አንድ ሰው ካልወጣ የእኛ ሰው ፕሬዚዳንት አይሆንም! አንድ ድምፅ እንዳይቀር!» አለ። ሬሳዋ ፊት!

ደሜ ፈላ። ተነሣሁ።

«ስማ አንተ! እናቴ መረጠቻችሁ፣ እኔም እስካረጅ መረጥኳችሁ። ድልድዩ የታለ? ልጄ አኬዮ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ እሷንም ልቅበር?»

ፈገግ አለ። «እማማ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርዎት። ደግሞስ እኛን ባይመርጡ ለማን ሊሰጡ ነው? ለእነዚያ?»

ለቀስተኛው ሳቀ። የገዛ ለቀስተኛዬ! እነዚያማ፣ የተቀናቃኙ ፓርቲ ሰዎች፣ ድምፃችንን እንደማያገኙ ስለሚያውቁ ደጃችንን ረግጠው አያውቁም። የእኛዎቹ ደግሞ ድምፃችን ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ ምን ቸገራቸው!

የምርጫው ቀን ወንዙ እንደገና ሞላ። ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? ፓርቲያችን የላካት የሞተር ጀልባ! አፒዮ ስትጮህ ያልነበረች ጀልባ ሽማግሌውን፣ አሮጊቱን ማዶ ወዳለው ምርጫ ጣቢያ ስታመላልስ ዋለች። እኔም ተሻግሬ መረጥኩ። ለማን? ለእኛው ሰው ነዋ! እጄ ሌላ አያውቅም።

ማምሻውን ጀልባዋን ሊመልሱ ሲነሡ አኬዮን ከነሆዷ አስገብቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ይውረዱ እንጂ እማማ!» አለ ነጂው።

«ሬሳዬ ካልወጣ አልወርድም!»

ኦኩምቤ ስልክ ደውሎ ለመነኝ፤ እምቢ ስለው ዛተብኝ። ይዛታ! ጎረቤቶቼ፣ ያ ቀብር ላይ የሳቀ ሁሉ፣ እየመጡ ጀልባዋን ከበቡ። ዓሣ አጥማጁ ኦጎላ ነጂውን ማዶ አድርሶ ጀልባዋን ይዞልን ተመለሰ። አኬዮም ቀኗ ሲደርስ በእሷ ተሻግራ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ምርጫውን ግን ተሸነፍን። የእኛ አካባቢ እንደ ልማዱ ነቅሎ ቢወጣም የእነዚያ አካባቢ ድምፅ በዛ። ኦኩምቤ በሬዲዮ ምን አለ መሰላችሁ? «ጀልባችንን የሰረቁ፣ በእነዚያ የተገዙ ከሃዲዎች ናቸው ያሸነፉን።»

እኔን እኮ ነው! ከእነሱ ሌላ መርጬ የማላውቀውን! ድልድዩ ዛሬም የለም።